ከኮልቾ ምድር በታች፦ የነዳጅ ፍለጋ ሴንሰሮች የሚሰሙትና የማይሰሙት

በኮልቾ መንደር ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የኦሞ ወንዝ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ሲታጠፍ ይታየዋል። የካሮ ብሔረሰብ አባላት የጎርፉን መሸሽ እየተከተሉ ማሽላ ሲዘሩበት የኖሩት በዚሁ ወንዝ ዳርቻ ነው። ጎብኚዎች ለፎቶግራፍ የሚመርጡት ይህ ሥፍራ ለሥነ ምድር ባለሙያዎች ሌላ ትርጉም አለው። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ወንዝና ሐይቅ ለሚሊዮኖች ዓመታት ደለል ሲያከማቹበት የኖሩ ረባዳ ነው፤ ደለል በጥልቀት የተከማቸበት ረባዳ ደግሞ የነዳጅ ፈላጊዎችን ዓይን ይስባል።

ዓይናቸውም ወድቆበት ነበር። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ኦሞ አራት የነዳጅ ፍለጋ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። ከቁፋሮው አስቀድሞም የምድርን ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚመረምረው የሳይስሚክ ጥናት ተካሂዷል። ያ ሥራ ካበቃ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያልፍም ስለ ነዳጅ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው መሣሪያዎቹ ነዳጁን አይተውታል፤ ነገር ግን ተደብቋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያዎቹ ዋጋ ቢስ ነበሩ፤ ሁሉም ከንቱ ድካም ነው ይላል። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ይኸውም ሴንሰሩ ምን መናገር እንደሚችልና ምን መናገር እንደማይችል በግልጽ ካለመነገሩ ነው።

ጉዳዩ ለገጠሩ ነዋሪ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሴንሰሮቹ የሚተከሉት በግጦሽ መሬቱ፣ በማሳው ዳርና ከብቶቹ በሚነዱበት መንገድ ላይ ነው።

ቀፎውን እንደ ማንኳኳት

ልምድ ያለው ንብ አናቢ ቀፎውን ሳይከፍት በጣቱ መታ መታ አድርጎ ማር መያዙንና አለመያዙን ይገምታል። ባዶ ጋንና ሙሉ ጋን ሲመቱ የሚሰጡት ድምፅ እንደማይመሳሰል በየቤቱ የታወቀ ነው። የሳይስሚክ ጥናት መነሻ ሐሳብም ከዚህ አይርቅም፤ መሬቱ ይመታል፣ ከውስጥ የሚመለሰው ድምፅ ይደመጣል።

ዘዴው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጀርመናዊው ሉድገር ሚንትሮፕ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የምድርን ንዝረት የሚመዘግቡ መሣሪያዎችን ካሻሻለ በኋላ ዕውቀቱን ከጦርነቱ ማግሥት ለማዕድን ፍለጋ አዋለው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ደግሞ ጆን ክላረንስ ካርቸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1921 ፈንጂ አፈንድተው ከከርሰ ምድር አለት ተንጸባርቆ የተመለሰውን ሞገድ መመዝገብ ቻሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የነዳጅ ፍለጋ ሳይስሚክ በመሠረቱ የዚያ ሙከራ ልጅ ነው።

የሚያዳምጠው መሣሪያ ጂኦፎን ይባላል። ከሰው ጡጫ የማይበልጥ፣ ከሥሩ ወደ አፈር የሚወጋ ሹል ብረት ያለው ነገር ነው። በውስጡ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ደግሞ በስስ ሞላ የተንጠለጠለ የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይገኛል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሹሉ፣ ቀፎውና ማግኔቱ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። የተንጠለጠለው ጥቅል ግን ከባድ ነገር እንደሚያደርገው ባለበት ለመቆየት ያዘነብላል። ሽቦና ማግኔት አንዱ ከሌላው አንጻር ሲንቀሳቀሱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ የብስክሌት ዲናሞ መብራት የሚያበራበት መንገድ ይኸው ነው። በጂኦፎኑ ውስጥ የሚፈጠረው ኃይል እጅግ አነስተኛ ቢሆንም መጠኑ ከመሬቱ የንቅናቄ ፍጥነት ጋር ስለሚመጣጠን ይለካል። ጥሩ ጂኦፎን ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ንቅናቄ ሊሰማ ይችላል።

ይህን ያህል ስስ ጆሮ ያለው መሣሪያ ግን በአግባቡ ካልተተከለ ዋጋ የለውም። በግብርና ኮሌጅ ሳለን አፈር የምንመረምረው በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ነበር፤ ናሙናው እንዳይበላሽ መሰርሰሪያውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ስንት ጊዜ እንደተነገረን አልረሳውም። ጂኦፎን ተካዩም ተመሳሳይ ተግሣጽ ይደርሰዋል። ሹሉ ከልል አቧራው አልፎ ጠንከር ያለ አፈር መንከስ አለበት፣ መሣሪያው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ሣርና ቅጠል ሊነካው አይገባም። እንደ ታችኛው ኦሞ ባለ የላይኛው አፈር ደረቅና አሸዋማ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ልል አሸዋ ሞገዱን እንደ ትራስ ውጦ ያስቀራል።

መሬቱን የሚመታው ምንድን ነው?

ድምፁን ለመፍጠር ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ጠባብ ጉድጓድ ሰርስሮ ጥቂት ኪሎ ግራም ፈንጂ ከውስጡ ማፈንዳት ነው። ሁለተኛው በአሜሪካ በ1950ዎቹ የተፈለሰፈው የነዛሪ መኪና ዘዴ ነው። ይህ መኪና በርካታ ቶን የሚመዝን ሲሆን ከሆዱ ሥር ሰፊ የብረት ጠፍጣፋ አውርዶ መሬት ላይ ይጫናል፤ ከዚያም ጠፍጣፋውን ለተወሰኑ ሰከንዶች ይነዝራል። ንዝረቱ ከወፍራም ድምፅ ይጀምርና እየቀጠነ ይሄዳል፤ ለምሳሌ በሰከንድ ከ8 ጊዜ ተነሥቶ እስከ 80 ጊዜ ሊደርስ ይችላል። ኮምፒዩተሩ የተላከውን ንዝረት ቅርጽ ስለሚያውቅ ከተመለሰው ዝብርቅርቅ ድምፅ ውስጥ የራሱን ለይቶ ያወጣል። በገበያ መካከል የልጁን ድምፅ የምትለይ እናት እንደምታደርገው ማለት ነው።

ዝብርቅርቁ በርግጥም ብዙ ነው። ነፋስ ቁጥቋጦውን ሲያወዛውዝ ሥሩ መሬቱን ያንቀሳቅሳል። መኪና ሲያልፍ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሰው ሲራመድ ሁሉም ይመዘገባል። የከብት መንጋ ኮቴ ለጂኦፎን ጆሮ ትልቅ ጫጫታ ነው። ስለዚህ የጥናት ቡድን ባለበት ሥፍራ እረኛው ለጥቂት ጊዜ መንጋውን አቁም ወይም በሌላ በኩል ንዳ ቢባል ነገሩ ምስጢር ለመደበቅ ሳይሆን ቀረጻው እንዳይበላሽ ነው። አርብቶ አደሩም በበኩሉ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት ሰዓት እንዲታወቅለት አስቀድሞ መነጋገር ይገባዋል፤ የቀረጻው ሰዓት ሊሸጋሸግ ይችላል፣ የተጠማ ከብት ግን አይጠብቅም።

ጫጫታውን ለማሸነፍ ሌላው ብልሃት ድግግሞሽ ነው። አንዱን የከርሰ ምድር ነጥብ ከተለያየ ርቀት ደጋግመው ያዳምጡና ቅጂዎቹን ይደምሯቸዋል። እውነተኛው የገደል ማሚቶ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ስለሚገኝ ሲደመር ይጎላል፤ ጫጫታው ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጣፋል። በስሌቱ መሠረት 36 ቅጂ ሲደመር የማሚቶው ጉላት ከጫጫታው አንጻር 6 እጥፍ ይሻሻላል። አንዱ የጥናት መስመር ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ተዘርግቶ በየጥቂት ሜትሩ ሴንሰር የሚተከለው ስለዚህ ነው።

ከሰዓት ወደ ሜትር

ሴንሰሩ የሚመዘግበው ጊዜን እንጂ ጥልቀትን አይደለም። ሞገዱ ወርዶ እስኪመለስ ስንት ሰከንድ ፈጀ? መልሱ ይህ ብቻ ነው። ወደ ሜትር ለመለወጥ ሞገዱ በየአለቱ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት መታወቅ አለበት፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በደረቅ ልል አፈር ውስጥ ሞገዱ በሰከንድ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በውሃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል፣ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ከ2,000 እስከ 4,000 ሜትርና ከዚያም በላይ፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በባዛልት ውስጥ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ይሮጣል።

አንድ ማሚቶ በ2 ሰከንድ ተመለሰ እንበል። መውረጃው 1 ሰከንድ፣ መመለሻው 1 ሰከንድ ነው። አማካይ ፍጥነቱ 2,500 ሜትር ከሆነ አለቱ ያለው በ2,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ፍጥነቱ 3,000 ሜትር ከሆነ ግን ጥልቀቱ 3,000 ሜትር ይሆናል። በፍጥነት ግምት ላይ የተፈጸመች ስሕተት በቁፋሮው ላይ የ500 ሜትር ልዩነት አመጣች ማለት ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ከዋናው ጥናት ጎን ትናንሽ ጉድጓዶችን ቆፍረው የላይኛውን ልል አፈር ውፍረትና ፍጥነት ለብቻ የሚለኩት።

በዚህ ትንሽ ልኬት ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። የላይኛው ልል ሽፋን የሚያበቃበት ጥልቀት ብዙ ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃ ከሚጀምርበት ወለል ጋር ይቀራረባል። ለነዳጅ ኩባንያው ይህ ከስሌቱ ለማረም የሚፈልገው እንቅፋት ብቻ ነው። በደረቅ ወቅት ከብቱን ይዞ ውሃ ፍለጋ ለሚንከራተት ማኅበረሰብ ግን ከነዳጁ ሥዕል ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መረጃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ የውሃ መሥሪያ ቤቶች በወቅቱ ቢደርስ የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ የለም።

መሣሪያው የማይሰማው

ሞገድ የሚንጸባረቀው ሁለት የተለያዩ አለቶች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። የሁለቱ ጥግግትና የሞገድ ፍጥነት ይበልጥ በተራራቀ መጠን ማሚቶው ይበረታል። ስለዚህ ሴንሰሩ የሚሰማው የአለት ድንበርን ነው። ድንበሮቹ ተሰድረው ሲሣሉ የት እንደ ጉልላት እንዳበጡ፣ የት በስንጥቅ እንደተቆረጡ፣ የት እንደወፈሩ ይታያል። ነዳጅ የሚባለውን ፈሳሽ ለይቶ ነዳጅ ነው ብሎ የሚጠራ ጆሮ ግን የለውም።

ነዳጅ እንዲገኝ አራት ነገሮች በአንድ ሥፍራ መገናኘት አለባቸው። አንደኛ፣ በጥንት ሐይቅ ወይም ባሕር ወለል ላይ የረገፈ የዕፅዋትና የደቂቅ ዘአካላት ቅሪት የያዘ ምንጭ አለት ያስፈልጋል፤ ይህም በጥልቀት ተቀብሮ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መብሰል አለበት። ሁለተኛ፣ የተፈጠረው ነዳጅ የሚጠራቀምበት ባለ ቀዳዳ አለት፣ ለምሳሌ አሸዋ ድንጋይ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን የሚያግድ፣ ከተጨመቀ ጭቃ የሆነ ድፍን አለት ይፈለጋል። አራተኛ፣ ነዳጁ ሾልኮ እንዳያመልጥ የሚይዝ ወጥመድ ቅርጽ ያስፈልጋል። ሳይስሚክ አራተኛውን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመገመት ያግዛል፤ ስለ መጀመሪያው የሚናገረው ጥቂት ነው።

ጋዝ ያለበት አለት አንዳንድ ጊዜ ከአካባቢው የበራ ማሚቶ ይሰጣል። ይህ ምልክት ብዙ ፈላጊዎችን አስፈንድቋል፣ ብዙዎችንም አሳስቷል፤ በአለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚገኝ እጅግ ጥቂት ጋዝ እንኳ ከብዙ ጋዝ የማይለይ ብርታት ሊሰጥ ይችላልና። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሌላ አስቸጋሪ ነገር አለ። በደለሉ መካከል የገባ የእሳተ ገሞራ አለት የሞገዱን ጉልበት ወደ ላይ ስለሚመልሰው ከሥሩ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። በጭጋግ ውስጥ የመኪና መብራት ሲበራ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይን እንደሚያጭበረብር ያለ ነገር ነው።

አራቱ ጉድጓዶች

አሁን ወደ ደቡብ ኦሞ እንመለስ። የታችኛውን ኦሞና የጨው ባሕርን ረባዳ ያቀፈው የፍለጋ ክልል በኩባንያዎቹ ዘንድ የደቡብ ኦሞ ብሎክ ይባል ነበር። ሥራውን የመራው የእንግሊዙ ታሎው ኦይል ሲሆን ድርሻው 50 በመቶ ነበር፤ አፍሪካ ኦይል 30 በመቶ፣ የአሜሪካው ማራቶን ኦይል ደግሞ 20 በመቶ ይዘው ነበር። መጀመሪያ አውሮፕላን ከላይ እየበረረ የምድርን የስበት ልዩነት ለካ፤ ደለል ከሥሩ ካለው ጥንታዊ አለት ስለሚቀል ስበቱ ባነሰበት ሥፍራ ወፍራም ደለል እንዳለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በምድር ላይ የሳይስሚክ መስመሮች ተዘረጉ።

ተስፋው ባዶ አልነበረም። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. እነዚሁ ታሎውና አፍሪካ ኦይል ከድንበሩ ማዶ በኬንያ ቱርካና፣ በደቡብ ሎኪቻር ረባዳ ነዳጅ ማግኘታቸውን አስታውቀው ነበር። ጉድጓዱ ንጋሚያ 1 ይባላል፤ ንጋሚያ በስዋሂሊ ግመል ማለት ነው። ያ ረባዳና የኛው የኦሞ ረባዳ የአንድ ስምጥ ሸለቆ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው። ጥንታዊ ሐይቅ እዚያ ነዳጅ ካበሰለ እዚህ የማያበስልበት ምክንያት ምንድን ነው? ጥያቄው ተገቢ ነበር።

በጥር 2005 ዓ.ም. በኦሞ ረባዳ የሳቢሳ 1 ቁፋሮ ተጀመረ። ጉድጓዱ ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ የአሸዋ ድንጋይ፣ የነዳጅና የጋዝ ምልክቶች እንዲሁም ወፍራም የክዳን አለት አገኘ። የጉድጓዱ ግድግዳ አልረጋ በማለቱም ወደ ጎን ሌላ ቁፋሮ ማካሄድ ግድ ሆነ። ምልክት ግን ክምችት አይደለም። ቀጥሎ ከሳቢሳ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተቆፈረው ቱልቱሌ 1 ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ አላገኘም።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጨው ባሕር አዞሩ። ሽመላ 1 የተሰኘው ጉድጓድ 1,940 ሜትር ወረደ። የዚህ ጉድጓድ ውጤት ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ይመስለኛል። የተፈለገው የአሸዋ ድንጋይ በርግጥም እዚያ ነበር፤ ውፍረቱ ሲደመር ወደ 100 ሜትር ተጠግቷል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የነበረው ግን ውሃ ነው። ከታችኛው ጥልቀት ላይ በምድር ሙቀት የተፈጠረ ጋዝ ጥቂት ምልክት ታየ እንጂ ነዳጅ አልተገኘም። የመጨረሻው ጋርዲም 1 እስከ 2,468 ሜትር ተቆፍሮ የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አለት ብቻ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቁፋሮው ዘመን አበቃ፤ ታሎውም ከብሎኩ ወጣ።

ለአርብቶ አደር ጆሮ ውሃ ተገኘ የሚለው ቃል ከነዳጅ የሚበልጥ ዜና ሊመስል ይችላል። በዚያ ጥልቀት ያለ ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ነው፤ አውጥቶ ለከብት ማጠጣትም የሚያዋጣ አይደለም።

እንግዲህ መሣሪያው ዋሸ ሊባል አይችልም። ነዳጁን አይቶ ደበቀም ሊባል አይችልም። የአለቱን ቅርጽ ነገረ፤ በአለቱ ውስጥ ያለውን ለማወቅ መሰርሰሪያው መውረድ ነበረበት፤ ወርዶም አየ። በዓለም ላይ በጥሩ የሳይስሚክ ሥዕል ተመርተው ባዶ የወጡ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ከዚህም ሌላ አራት ጉድጓድ ማለት ይህን ሁሉ ስፋት በአራት መርፌ መውጋት በመሆኑ በደቡብ ኦሞ ነዳጅ የለም ብሎ ለመደምደም አያበቃም። አለ ለማለት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ ጋርዲም ባዶ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. 2014 ሌላ ቡድን ጨው ባሕር ላይ መሰርሰሪያ አቁሞ ነበር። ይኸኛው ነዳጅ አልፈለገም፤ የጥንቱን የአየር ንብረት ታሪክ ለማንበብ 280 ሜትር ያህል ደለል እንደ ዘንግ እየቆረጠ አወጣ። በዚያ ዘንግ ውስጥ የ620 ሺህ ዓመት የዝናብና የድርቅ መፈራረቅ ተመዝግቦ ተገኘ። ለአንዱ ባዶ የሆነ ደለል ለሌላው መዝገብ ነው።

ሽቦ አልባዎቹ

ቀድሞ ጂኦፎኖች የሚያያዙት በረጅም ገመድ ነበር። ገመዱ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ስለሚዘረጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ በጫካው ውስጥ መመንጠር ነበረበት፤ ፍየልና የዱር እንስሳ ገመዱን ሲያኝኩትም ሥራው ይቆም ነበር። ባለፉት ዓመታት በስፋት እየተለመዱ የመጡት ሽቦ አልባ ሴንሰሮች ይህን ለውጠውታል። እያንዳንዱ ሴንሰር ባትሪ፣ ማህደረ ትውስታና ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበል ጂፒኤስ በውስጡ ይዟል። አንዳንዶቹ ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ስለሚመዝኑ ሰው በጀርባው ብዙ ተሸክሞ በእግር ሊተክላቸው ይችላል። ለሳምንታት ያለማቋረጥ ይቀርጻሉ፤ ከዚያ ተነቅለው መረጃቸው ይገለበጣል። ከሽቦ ጥቅልና ከማግኔት ይልቅ በሲሊከን ላይ የተቀረጸ ረቂቅ ሚዛን የሚጠቀሙም አሉ።

የዚህ ለውጥ ትርጉም ለገጠር መሬት ትልቅ ነው። በእግረኛ መንገድ ሊሠራ የሚችል ጥናት ሰፊ ጎዳና የሚመነጠርበት ምክንያት አነስተኛ ነው። በደረቅ ምድር የተመነጠረ መስመር ለዓመታት ሳይሽር ይቆያል፤ ለጎርፍም ቦይ ይሆናል። የአፈር ጥበቃ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ስለዚህ ወደፊት የጥናት ቡድን ቢመጣ ከሚጠየቁት የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ መሣሪያው ባለ ገመድ ነው ወይስ ገመድ አልባ የሚለው መሆን አለበት። መሬቱ የሚመታው በፈንጂ ነው ወይስ በነዛሪ መኪና? ፈንጂ ከሆነ ያልፈነዳ ቢኖር ማን ያነሣዋል? የተቆፈሩት ትናንሽ ጉድጓዶችስ ጥጃና ሕፃን እንዳይገባባቸው መቼ ይደፈናሉ? እነዚህ የምህንድስና ዲግሪ የማይጠይቁ ጥያቄዎች ናቸው።

መብቱም በሕግ ተጽፏል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያው አንቀጽ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይገልጻል። በወንዙ ዳር ለሚኖሩት ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የኦሞ ፍሰት እንደ ቀድሞው ስላልሆነ በማሽላ ማሳውና በግጦሹ ላይ የሚደርስ ማናቸውም ተጨማሪ ጫና ቀላል አይሆንም።

ንዝረቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣ ይሆን?

ስጋቱ ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. በሐመርና በጎፋ አካባቢ ከሬክተር 6 በላይ የደረሰ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ነበር። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የታየው መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀዬአቸው አፈናቅሏል። ይሁን እንጂ ለጥናት የሚፈነዳው ጥቂት ኪሎ ግራም ፈንጂ ያለው ጉልበት ከእንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ጋር ሲነጻጸር በሚሊዮኖች እጥፍ ያንሳል። መንቀጥቀጡን የሚያመጣው ስምጥ ሸለቆው ራሱ ነው፤ ምድሪቱ በዝግታ እየተለያየች ነውና።

እንዲያውም መንቀጥቀጥን የሚከታተሉት መሣሪያዎች የነዳጅ ሴንሰሮቹ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ሲሠራ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች በዋናው ስምጥ ሸለቆና በዙሪያው ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሴንሰሮች ተክለው፣ በተመረጡ ሥፍራዎች ፈንጂ እያፈነዱ የምድርን ቅርፊት ውፍረት አጥንተዋል። ዓላማቸው አገሪቱ ያረፈችበት ቅርፊት እንዴት እንደሚሳሳ ማወቅ ነበር።

ከደቡብ ኦሞ የተሰበሰበው የሳይስሚክ ቀረጻ ኩባንያዎቹ ሲወጡ አብሮ አልጠፋም። በነዳጅ ውሎች የተለመደ አሠራር መሠረት እንዲህ ያለ መረጃ ለመንግሥት ይቀርባል። የድሮ ቀረጻ ደግሞ እንደ ድሮ ጋዜጣ አያረጅም። ያኔ የደበዘዘው ማሚቶ በአዲስ የኮምፒዩተር ስሌት እንደገና ሲጣራ ሊጠራ ይችላል፤ ለዚህም አንድ ሴንሰር እንኳ እንደገና መትከል አያስፈልግም። ስለዚህ ስለ ደቡብ ኦሞ ነዳጅ የሚሰማው ቀጣይ ዜና ከመስክ ሳይሆን ከቢሮ ሊመጣ ይችላል። ወደ መስክ ከተወጣ ግን ከማሽኖቹ በፊት የሚደርሱት ቀያሾች ናቸው፤ በግጦሹ መካከል ቀለም የተቀባ ወይም ባለ ቀለም ጨርቅ የታሰረበት ችካል በመስመር ተተክሎ ከታየ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቀበሌው መሄጃው ሰዓት ያኔ ነው።